አቡነ ቴዎፍሎስ፦ ከሞቱ በኋላም ሥራቸው የቀጠለ አባት

እሁድ ግምጃ ቤት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ሰው ቶሎ አይበተንም። አንዱ ጥግ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር ያጠናሉ። ሌላው ጥግ ላይ የሰበካ ጉባኤ አባላት ደረሰኝ ይዘው የዓመቱን ክፍያ ይቀበላሉ። እኛም እንደ ብዙዎቻችሁ ሰበካ ጉባኤ የሚባለው ነገር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለን ነበር። ግን አይደለም፤ ገና የአያቶቻችን ዘመን ሥራ ነው። ከጀርባው ያሉት አባት ደግሞ የእኛው የጎጃም ልጅ ናቸው። ዛሬ የእሳቸውን ሕይወት ይዘንላችሁ መጥተናል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው መልእክቱ ነው። ደብረ ኤልያስን ለማታውቁ፣ የቅኔ አገር ነው። ከየአካባቢው ስንት ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው እህል ለምኖ የተማረበት ቦታ ነው። መልእክቱም የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እዚያው ተማሩና በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።

ያኔ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሚላክላት ከግብፅ ነበር። ይሄ ነገር ከ1,600 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የቆየ ልማድ ነው። በ1940 ዓ.ም. ግን አምስት ኢትዮጵያውያን ካይሮ ላይ ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። ከአምስቱ አንዱ የደብረ ኤልያሱ መልእክቱ ነበሩ። ስማቸው ቴዎፍሎስ ተባለ፣ ሀገረ ስብከታቸውም ሐረር ሆነ።

የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በ1963 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት 1 ቀን አቡነ ቴዎፍሎስ ተተኩ። አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት ካይሮ ሲሆን፣ እሳቸው ግን እዚሁ አገራቸው ላይ በኢትዮጵያውያን ጳጳሳት እጅ ተሾሙ። በታሪካችን የመጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ያኔ ቤተ ክርስቲያኗ ሰፊ መሬት ነበራት። ካህኑ የሚኖረው በዋናነት ከመሬት በሚገኝ ገቢ ነው። ታዲያ መሬቱ እያለ ሌላ ገቢ ማሰብ ለምን ያስፈልጋል? አቡነ ቴዎፍሎስ ግን አሰቡ። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የሚባለው ደንብ ወጣ። ዓዋዲ ማለት ዐዋጅ ነጋሪ ማለት ነው። ደንቡ ነገሩን ቀለል አድርጎ አስቀመጠው፦ በየአጥቢያው ካህናትና ምእመናን አንድ ላይ ጉባኤ ይመርጣሉ፣ አባላቱ በየዓመቱ ያዋጣሉ፣ ገንዘቡና ሥራው በዚያ ጉባኤ ይመራል። ከታች ከአጥቢያ ተነሥቶ እስከ መንበረ ፓትርያርክ ድረስ የሚደርስ መዋቅር ነው። በእሳቸው ዘመን ለሰንበት ትምህርት ቤቶችም የሚያደራጃቸው መምሪያ ተቋቋመላቸው። ወጣቱ መዝሙር ብቻ እየዘመረ የሚሄድ ሳይሆን ቦታ ያለው ሆነ።

ብዙም አልቆየም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን ዐዋጅ አወጣ። በአንድ ቀን ያ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን መሬት ሄደ። ገበሬው ከጭሰኝነት ወጣ፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መካድ የለበትም። በዚያው ልክ ግን የካህናቱ መተዳደሪያ ባዶ ቀረ። ያን ጊዜ ብዙ ደብር ያልተዘጋው ሰበካ ጉባኤ ስለነበረ ነው። ምእመኑ ከኪሱ እያወጣ ካህኑን አኖረ። እኛ ከዚህ የተማርነው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፤ ጥሩ መሪ ጥጋብ ባለበት ጊዜ ለችግር ቀን ያዘጋጃል።

ሁለተኛው ትምህርት ተማሪዎቻቸው ላይ ያለ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ጎበዝ ልጅ ሲያዩ ወደ ትምህርት ይገፉ ነበር። ከነዚህ አንዱ ገብረ መድኅን የሚባል በዐድዋ አካባቢ ተወልዶ በአባ ገሪማ ገዳም ያደገ ልጅ ነው። አዲስ አበባ መንፈሳዊ ኮሌጅ አስተማሩት፣ ከዚያ አሜሪካ ላኩት። ልጁ ፕሪንስተን ገብቶ የዶክትሬት ትምህርቱን እየተማረ ነበር። ልብ በሉ፣ የጎጃሙ አባት የትግራዩን ልጅ እንደራሳቸው ልጅ ነው ያሳደጉት። ከየት ነህ የሚለው ጥያቄ ከምን ትችላለህ አልቀደመም። በዚህ ዘመን ይሄን ማንበብ ራሱ ያማል።

አብዮቱ ሲመጣ ፓትርያርኩ መጀመሪያ ላይ ከደርግ ጋር አልተጣሉም። እንዲያውም በ1967 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት መልእክታቸው ንጉሡን ሳያነሡ ለውጡን ባርከዋል። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ይሄን ውሳኔያቸውን እስከ ዛሬ የሚወቅሱ አሉ። እኛም አንደብቀውም፤ የሰው ሕይወት ስንጽፍ ቆንጆ ቆንጆውን ብቻ መርጠን አናቀርብም።

ጠቡ የመጣው በኋላ ነው። ፓትርያርኩ ገብረ መድኅንን ከአሜሪካ ትምህርቱን አቋርጦ እንዲመጣ ጠሩት። መጣም። ከሌሎች ሁለት አባቶች ጋር፣ መንግሥት ሳይፈቅድ፣ ጳጳስ አድርገው ሾሙት። ስሙም አቡነ ጳውሎስ ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ሹመት የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነው ብለው ነው የሠሩት። ደርግ ግን አልታገሠም። የካቲት 1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። አዲሶቹ ሦስት ጳጳሳትም ታሰሩ። አቡነ ጳውሎስ ሰባት ዓመት ያህል እስር ቤት ቆዩ።

እዚህ ጋ እኛም ተከራክረናል። ተማሪን ከፕሪንስተን ጠርቶ ወደ እስር የሚያደርስ ሥራ ማስገባት ትክክል ነው ወይ? ቀላል መልስ የለውም። ግን አንድ ነገር እናያለን፤ አባትየው ልጁን ከፊት አስቀድመው እሳቸው ከኋላ አልተደበቁም። የእሳቸው ዕዳ ከሁሉም የከበደ ሆነ።

ሌላ ፓትርያርክ ቢሾምም የግብፅ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችም፤ ምክንያቱም አቡነ ቴዎፍሎስ በሕይወት አሉ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ደርግ በሥውር ገደላቸው። በዚያው ክረምት ሐምሌ 21 ቀን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ። ቤተ እምነታቸው ይለያያል፣ ገዳያቸው አንድ ነው። የሁለቱም መቃብር ለዓመታት አልታወቀም። ለቅሶ የለ፣ ተዝካር የለ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም ተገኘ። አዲስ አበባ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ። በዚያው ዓመት አዲስ ፓትርያርክ ተሾመ። ማን መሰላችሁ? ከእስር ወጥተው ፕሪንስተን ተመልሰው ያቋረጡትን ዶክትሬት የጨረሱት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። በእሳቸው የፓትርያርክነት ዘመን ላይ ብዙ ክርክር አለ፣ እሱን ሌላ ቀን እናነሣዋለን። ለዛሬ ግን ተማሪው መምህሩ መንበር ላይ መቀመጡን ብቻ እዩልን።

ሦስተኛው ትምህርት ከዚህ ይመጣል። ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ማሰር ቻለ፣ መግደል ቻለ፣ መቃብራቸውን መደበቅ ቻለ። ደንባቸውን ግን መሰረዝ አልቻለም፣ ምክንያቱም በየገጠሩ ደብር ሰው እጅ ገብቷል። ያሳደጓቸውንም ልጆች ማጥፋት አልቻለም። ሥራን በራስ ስም ብቻ የያዘ ሰው ሲሞት ሥራው አብሮት ይቀበራል። ለሌላ ያስረከበ ግን እንደዚያ አይደለም።

እኛ ይሄን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ያሰብነው ስለ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። የእግር ኳስ ቡድን ያላችሁ፣ ማኅበር ያላችሁ፣ ትንሽ ሱቅ የከፈታችሁ ወጣቶች አላችሁ። ነገ እናንተ ባትኖሩ ማን ይቀጥለዋል? የምታሳዩት አንድ ልጅ አላችሁ? ከሌለ ዛሬ ጀምሩ።

እሁድ ደግሞ አጥቢያችሁ ስትሄዱ ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ጠይቁልን። መሬቱ የተወሰደ ጊዜ ይሄ ደብር እንዴት ሳይዘጋ ቀረ? ማን ማን አዋጣ? የነገሯችሁን ጻፉልን። የሚያስታውሱት ሰዎች እያነሱ ነው፣ ሳያልፉ እንስማቸው።