ማህተመ ጋንዲ፦ የተቀበሉትን ክፍያ መልሰው ከችሎት የወጡት ጠበቃ

በቦምቤይ የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት አንድ ወጣት ጠበቃ የከሳሽን ምስክሮች ለመጠየቅ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አንደበታቸው ግን አልታዘዝ አለ። ልባቸው ራደ፤ ችሎቱ ከነዳኛው የዞረ መሰላቸው። መልሰው ተቀመጡ። ለደንበኛቸው ወኪል ጉዳዩን መያዝ እንደማይችሉ ነግረው፣ የተቀበሉት 30 ሩፒ እንዲመለስና ሌላ ጠበቃ እንዲቆም ጠይቀው ወጡ። ተተኪው ሥራውን በ51 ሩፒ ተረከበ። ጋንዲ የደንበኛቸውን መርታት ወይም መረታት እንኳ አላወቁም።

እ.አ.አ. በ1869 በፖርባንደር የተወለዱት ሞሃንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ፣ በ1891 በለንደን የጥብቅና ማዕረግ አግኝተው አገራቸው ከገቡ ብዙ አልቆዩም ነበር። ታሪኩ ዘወትር የሚነገረው እንደ ሐፍረት ነው። ይሁን እንጂ አቅሙ ያልፈቀደለት ጠበቃ ከዚህ የተሻለ ምን ሊያደርግ ይችላል? ደንበኛዋ ገንዘቧንም ተከራካሪዋንም አላጣችም።

በ1893 ከደቡብ አፍሪካ ሥራ መጣላቸው። ዳዳ አብደላ የተባሉ ነጋዴ ድርጅት ለአንድ ዓመት 105 ፓውንድ፣ የአንደኛ ክፍል የደርሶ መልስ ጉዞና ቀለብ ሊሰጣቸው ተስማማ። የድርጅቱን ጠበቆች እንዲያግዙ እንጂ በችሎት እንዲሟገቱ አልነበረም፤ ውሉ የጠበቃ ሳይሆን የተቀጣሪ መሆኑን ራሳቸውም ተረድተውታል። በላሙ፣ በሞምባሳና በዛንዚባር በኩል ተጉዘው ደርባን ደረሱ።

የድርጅቱ ክስ 40 ሺህ ፓውንድ የተጠየቀበት ሲሆን፣ ባለጋራው የዳዳ አብደላ ዘመድ ነበር። የጠበቆች ክፍያ ሁለቱንም ወገኖች እያራቆተ መሆኑን ያዩት ጋንዲ ጉዳዩ በግልግል እንዲያልቅ ወተወቱ። ዳዳ አብደላ ረቱ፤ ጋንዲ ግን ተረቺው በአንድ ጊዜ ከፍሎ እንዳይከስር ዕዳው በረጅም ጊዜ እንዲከፈል ደንበኛቸውን አግባቡ።

ውሉ አብቅቶ ሊመለሱ ሲሉ የናታል ሕንዳውያንን የመምረጥ መብት የሚነጥቅ ረቂቅ ሕግ ወጣ። ነጋዴዎቹ እንዲቆዩ ለመኗቸው። ጋንዲ ለሕዝብ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም በማለታቸው፣ ሃያ ያህል ነጋዴዎች የሕግ ጉዳያቸውን ለአንድ ዓመት ሰጥተው የጥብቅና ክፍያውን አስቀድመው ከፈሉ። የናታል የሕግ ማኅበር ቢቃወምም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1894 ፈቃዳቸውን አጸደቀ። ከዚያ ወዲያ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ የሐሰት ክስ እንደማይዙ፣ ምስክርም እንደማያሠለጥኑ አስቀድመው ያስታውቁ ነበር።

ይህ አቋም በአንድ የሒሳብ ክርክር ክፉኛ ተፈተነ። ገላጋዮች ሙሉ በሙሉ ለጋንዲ ደንበኛ ፈርደዋል። ሆኖም ከሒሳቡ አንድ አኃዝ ወጪ መሆን ሲገባው በገቢ በኩል ተጽፏል። ተቃራኒው ወገን ውሳኔውን የተቃወመው በሌላ ምክንያት ነበር። አብረዋቸው የቆሙት አንጋፋ ጠበቃ ደንበኛን የሚጎዳ ነገር የማመን ግዴታ የለብንም፣ ስሕተቱ ከታወቀ ውሳኔው በሙሉ ሊሻር ይችላል ሲሉ ሞገቱ፤ ስሕተቱ የሚታመን ከሆነም እንደማይከራከሩ አስታወቁ። ጋንዲ በበኩላቸው ስሕተቱ ካልታረመ አልቆምም አሉ። ደንበኛው መሐል ላይ ቀረ። አንዱን ቢይዝ ሌላው ይሄዳል፤ የሚያጣውም የራሱን ገንዘብ ነው። ብንሸነፍም እንሸነፍ ብሎ ክርክሩን ለጋንዲ ሰጠ። ዳኞቹ መጀመሪያ ተንኮል የተሠራ መስሏቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ስሕተቱን ብቻ አርመው ውሳኔውን አጸኑት።

በጆሃንስበርግ ደግሞ ደንበኛቸው እንዳታለላቸው ችሎት ላይ ሲደርሱበት፣ ክሱን ውድቅ እንዲያደርግ ዳኛውን ራሳቸው ጠየቁ። ዛሬ በብዙ አገሮች ጠበቃ እንዲህ ቢያደርግ በሥነ ምግባር ሊጠየቅ ይችላል፤ የሚጠበቅበት የደንበኛውን ምስጢር ጠብቆ ከጉዳዩ ለመውጣት ፈቃድ መጠየቅ ነውና። በዚህ ነጥብ ጋንዲን እንደ አርአያ መውሰድ ያስቸግራል። ደንበኛው ግን ሲገሠጽ ጥፋቱን አመነ።

በ1922 የብሪታንያ ገዢዎች ሕዝብን ለዓመፅ በማነሣሣት ወንጀል ጥፋተኛ ካሏቸው በኋላ፣ ለንደን የሚገኘው የጠበቆች ማኅበራቸው ኢነር ቴምፕል ስማቸውን ከመዝገቡ ፋቀ። በጥር 1948 በጥይት ተገደሉ። ማኅበሩ ስማቸውን ወደ መዝገቡ የመለሰው በ1988 ነበር።