ጃምሴትጂ ታታ፦ ከመቅደላ ስንቅ እስከ ላንድሮቨር

የደባርቅ ሰው ላንድሮቨርን ያውቀዋል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ስሜን የሚወጣውን መንገድ፣ ከዚያም ወዲያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ያየ ሰው፣ በአራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና በዚያ አገር ስለ ምን እንደ በቅሎ እንደሚከበር አይጠፋውም። አያቴ ዳገት የሚወጣውን መኪና ሁሉ፣ የጃፓን ሥራም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ ላንድሮቨር ብለው ይጠሩታል። የማን ነው ቢሏቸው የእንግሊዝ ነው ይላሉ። ተሳስተዋል ለማለት አይቻልም፤ መኪናው የታሰበውም የተሠራውም በእንግሊዝ አገር ነው። ነገር ግን ከ2008 ጀምሮ ባለቤቱ ታታ የሚባል የሕንድ ኩባንያ ነው። የታታ ቤት ደግሞ በአንድ ወቅት ወድቆ ሳለ የተነሣው፣ ለመቅደላ ዘመቻ ስንቅ በማቅረብ በተገኘ ትርፍ ነው። ይህን ያነበብሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ስለዚህ የቤቱን መሥራች ታሪክ ለጓደኞቼ ላካፍል ወደድሁ። (ዓ.ም. ያላልሁባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃምሴትጂ ኑሰርዋንጂ ታታ በ1839 በጉጃራት ክፍል ናቭሳሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወገኑ ፓርሲ ነው፤ ፓርሲዎች ከብዙ ዘመን በፊት ከፋርስ ተሰደው ሕንድ የገቡ፣ የዞሮአስተርን ሃይማኖት የሚከተሉ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። ዘሩ የካህናት ነበር፤ ክህነቱን ትቶ ወደ ንግድ የወጣው አባቱ ኑሰርዋንጂ ነው። አባትየው ልጁን ወደ ቦምቤይ አስመጥቶ ኤልፊንስቶን ኮሌጅ አስገባው። ጃምሴትጂ በ1858 ትምህርቱን ፈጽሞ ወጣ፤ በዓመቱም ለንግድ ወደ ሆንግ ኮንግ ተላከ። ቤቱ ከቻይና ጋር የሚነግደው በጥጥና በኦፒየም ነበር። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ኦፒየሙን ፈጠን ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ጥጡን ጽፌ ኦፒየሙን ልተወው አልወደድሁም።

በ1861 አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የአሜሪካ ጥጥ ስለ ቀረባቸው ወደ ሕንድ ጥጥ ዞሩ። ቦምቤይ በአንድ ጊዜ በወርቅ ተጥለቀለቀች፤ ሰውም አእምሮውን አጥቶ ወረቀት በወረቀት ይሸጥ ጀመር። በ1865 ጦርነቱ ሲያበቃ የጥጥ ዋጋ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር ባንኩም ነጋዴውም ወደቀ። ጃምሴትጂ በዚያ ጊዜ ለንደን ነበር። በእጁ የያዘው ሰነድ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተራ ወረቀት ሆነበት። አልሸሸም፤ አበዳሪዎቹ ፊት ቀርቦ ያለውን እንዳለ ነገራቸው። እነርሱም አመኑት። ቢሆንም ገንዘብ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ እኛ አገር እንመለስ። ቋረኛው ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በስሜን ድል ነሥተው፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰናዷት በደረስጌ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ያጣላቸውን ነገር ሁሉም ያውቀዋልና አላረዝመውም፤ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ጋፋት ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ንጉሡ የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አስፈሰሱ፤ ሠረገላ አሠሩ፤ የአገር ልጆችም ጥበቡን እንዲማሩ ፈለጉ። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ፣ መንገድ እየተቆፈረለት፣ በብዙ መቶ ሰው ጉተታ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ተወሰደ። ጎንደሬ ሆኜ በ1859 ዓ.ም. በከተማችን ላይ የወረደውን እሳት ረስቼ አይደለም የምጽፈው። ነገር ግን ብረት ለመሥራት ያን ያህል የጓጓ ንጉሥ ከእርሳቸው በፊት አላውቅም።

በእርሳቸው ላይ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነው። 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ ከወታደሩ የሚበልጥ ጓዝ ጠባቂና አገልጋይ፣ አርባ ሺህ የሚያህል እንስሳ፣ 44 ዝሆኖችም ነበሩበት። ይህ ሁሉ ይበላል፤ ይጠጣል። የእንግሊዝ መንግሥት ለዘመቻው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አውጥቷል። ስንቁን ለማቅረብ ከተዋዋሉት የቦምቤይ ነጋዴዎች አንዱ ኑሰርዋንጂ ታታ ከነባልንጀሮቹ ነበር። ጦርነቱ ፈጥኖ አለቀ፤ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ፤ ለነጋዴዎቹ ግን የቀረላቸው ትርፍ ታላቅ ነበር። የታታ ቤት ዕዳውን ተገላግሎ ቀና አለ። በዚያው በ1868 የ29 ዓመቱ ጃምሴትጂ በ21 ሺህ ሩፒ የራሱን የንግድ ቤት ከፈተ።

ከዚህ በኋላ ያለው የዚህ ሰው ሥራ፣ የወደቀ ነገር ገዝቶ ማንሣት ነው ብል አላበዛሁም። በ1869 በቦምቤይ አንድ የከሰረ የዘይት መጭመቂያ ገዛና ወደ ጥጥ መፍተያ ለወጠው፤ ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶበት በትርፍ ሸጠው። ከዚያ ወደ ላንካሽየር ሄዶ የእንግሊዝን ፈታዮች ሥራ በዓይኑ አየ። ሲመለስ ሰው ሁሉ ቦምቤይን ሲመርጥ እርሱ ጥጡ ወደሚበቅልበት ወደ ናግፑር ገባ፤ ባለገንዘቦቹ ሣቁበት። ፋብሪካውን ጃኑዋሪ 1 ቀን 1877 ንግሥት ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት በተባሉበት ዕለት ከፈተና እቴጌ ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ሳነብ የማስበው፣ በእነዚሁ ንግሥት ጦር ምክንያት ያገኘውን ትርፍ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ለሠራተኛው ንጹሕ አየር የሚገባበት፣ ጡረታም ያለበት ነበር፤ የጡረታውን መዝገብ ያቆመው በ1886 ነው።

በዚያው ዓመት በኩርላ የወደቀ ሌላ ፋብሪካ ገዛ። ይህኛው ሊያጠፋው ምንም አልቀረውም። መኪናው ያረጀ፣ ሠራተኛው የተበተነ፣ ስሙም የጠፋ ነበር፤ ዓመታት ከፈጀ ድካም በኋላ ግን ቆመ። በጃፓን መሥመር የራሱን መርከቦች ለማሠማራት ሞክሮ ደግሞ በእንግሊዝ ኩባንያ ተሸንፎ ተወው።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበው ግን ሌላው ሥራው ነው። በ1892 ሕንዳውያን ወጣቶች ውጭ አገር ሄደው እንዲማሩ ገንዘብ አቆመ። ስጦታ አልነበረም፤ ብድር ነው፤ ተማሪው ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ የከፈለውም ሌላውን ያስተምራል። (ወጪ መጋራት የሚባለውን ወረቀት ስፈርም ይህን ባውቅ ኖሮ ፊቴ ያን ያህል አይጠቁርም ነበር።) በ1898 ደግሞ የሳይንስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዲቆም ከሀብቱ ግማሽ ያህሉን ሰጠ። የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ነገሩን በጥርጣሬ አየው። ትምህርት ቤቱ በባንጋሎር የተመሠረተው በ1909 ነው፤ ሰጪው ያን ጊዜ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ብረቱንም እንዲሁ አላየውም። በ1882 አንድ የጀርመን ሊቅ ስለ ሕንድ የብረት ማዕድን የጻፈውን ካነበበ ጀምሮ ነገሩ ከልቡ አልወጣም፤ ሕጉ ግን እስከ 1899 ድረስ መንገድ አልሰጠውም። በ1902፣ በ63 ዓመቱ፣ አሜሪካ ሄዶ የፒትስበርግን ምድጃዎች አየ፤ ፔሪን የሚባል መሐንዲስም ለሥራው አጨ። ገና ድንጋይ ያልተቆፈረላትን ከተማ እያሰበ ለልጁ ለዶራብ ሲጽፍ፣ መንገዱ ሰፊ ይሁን፣ ጥላ ያለው ዛፍ ይተከል፣ የኳስ ሜዳም አይቅር፣ ለሂንዱው ለእስላሙ ለክርስቲያኑ የጸሎት ቦታ ይተውለት ብሎ አዘዘ። በሜይ 1904 በጀርመን አገር ባድ ናውሃይም ሞተ፤ የተቀበረው በእንግሊዝ አገር ብሩክዉድ ነው። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም የተቀበረው በዚያው በእንግሊዝ፣ በዊንዘር ነው።

ልጆቹ በ1907 የብረቱን ኩባንያ ሲያቆሙ የለንደን ባለባንኮች እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ አክሲዮኑ ለሕንድ ሰው ቀረበ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 8 ሺህ ያህል ሕንዳውያን 1,630,000 ፓውንድ አዋጡ። በ1912 ብረቱ ወጣ። በሕንድ የምድር ባቡር ትልቅ ሹመት የነበረው አንድ እንግሊዛዊ፣ ሕንዶች ለሐዲድ የሚሆን ብረት ከሠሩ ብረቱን እበላዋለሁ ብሎ አፌዞ ነበር ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ሐዲዱን ከዚያው ፋብሪካ ወሰደ። ሰውዬው ምን እንደ በላ አልተጻፈም።

ከብረቱ ቀጥሎ በ1945 የባቡርና የመኪና ኩባንያው ተቋቋመ፤ በ1954 ከጀርመኖች ጋር ሆኖ የጭነት መኪና፣ በ1998 ራሱ የነደፈውን የቤት መኪና አወጣ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ መኪና ሥራ እየተንገዳገደ ነበር። ላንድሮቨር በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም የታየው፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለ ነበረ አካሉ በአሉሚኒየም ተሠርቶ ነው። በ1968 ከጃጓር ጋር በአንድ ትልቅ ኩባንያ ተጠቃለለ፤ ያም ከስሮ በ1975 መንግሥት ወረሰው። ጃጓርን በ1989 ፎርድ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ላንድሮቨርን መጀመሪያ ጀርመኖቹ፣ ቀጥሎ በ2000 ያው ፎርድ በ2.7 ቢሊዮን ወሰዱት። ታታ በጁን 2008 ሁለቱንም በ2.3 ቢሊዮን ገዛ።

ወዲያው የዓለም ገንዘብ ታወከ። ሽያጩ ወረደ፤ ሕንዶቹ ወርቅ ከፍለው ሬሳ ገዙ ተባለ። እነርሱ ግን ንድፍ አውጪዎቹንና መሐንዲሶቹን ከቦታቸው ሳይነቅሉ ገንዘብ ጨመሩበት፤ ኢቮክ የተባለው መኪና በ2011 ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም የሕንዱን እናት ኩባንያ የሚመግበው የእንግሊዙ ልጅ ሆነ። በኋላ ኪሣራም አልቀረለትም፤ ጃጓርም በ2024 መጨረሻ በእንግሊዝ አገር አዲስ መኪና መሸጡን አቁሞ ወደ ኤሌክትሪክ ብቻ ለመዞር ተነሣ። አያቴ የሚያውቁት የጥንቱ መልክ ላንድሮቨር በጃኑዋሪ 2016 መሠራቱ ቆሟል፤ በስሙ የሚጠራው አዲሱ የሚገጣጠመው በስሎቫኪያ ነው።

ለዕረፍት ደባርቅ በወጣሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ለአያቴ ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስለ መኪናው ምንም አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ ያ የቦምቤይ ነጋዴ በንጉሡ ላይ ስንት እንዳተረፈ ነው።