ከምርመራ በፊት የኖረ ሕመምተኛ፦ ዉዲ ጉትሪና የሚወረስ በሽታን የማወቅ ጥያቄ

ዉዲ ጉትሪ በ1912 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ኦኪማ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ዓለም የሚያውቀው በዘፈኖቹ፣ ከሁሉም በላይ በ1940 በደረሰው «ዚስ ላንድ ኢዝ ዩር ላንድ» ነው። በሕክምና ሥነ ምግባር ጥናት ግን ስሙ የሚነሳው የሀንቲንግተንን በሽታ ከእናቱ በመውረሱ ነው። በቤተሰባቸው አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች ልመርመር ወይስ ይቅርብኝ ብለው ሲጨነቁ የሚያገኙት የምክር አገልግሎት ሥርዓት በአብዛኛው የተቀዳው ከሀንቲንግተን ልምድ በመሆኑ፣ የጉትሪ ሕይወት ከሙዚቃ ታሪክ ውጭም ሊነበብ ይገባዋል።

እናቱ ኖራ ቤል በልጅነቱ ዘመን ጠባይዋ ተለወጠ፤ እጅና እግሯም ከፈቃዷ ውጭ ይወራጭ ጀመር። ቤተሰቡን እሳት ደጋግሞ ጎበኘው። በ1919 ታላቅ እህቱ ክላራ ተቃጥላ ሞተች፤ በ1927 አባቱ ክፉኛ ተቃጠለ። የከተማው ሐሜት በእናቲቱ ላይ አነጣጠረ። በዚያው ዓመት ኖርማን ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተወሰደች፤ በ1930 እዚያው አረፈች። በሽታውን ጆርጅ ሀንቲንግተን የተባለው ሐኪም በ1872 ገልጾት ነበር፤ በዘር የሚተላለፍ መሆኑም በዚያው ጽሑፍ ሰፍሯል። ለጎረቤቶቿ ግን ኖራ ቤል አንዲት ያበደች ሴት ነበረች።

ጉትሪ ራሱ ተመሳሳይ ፍርድ ደረሰበት። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቁጣው ድንገተኛ፣ አረማመዱ የተዛባ ሆነ። በአካባቢው የነበሩት ሰዎች ነገሩን ከመጠጥ ጋር አያያዙት። ሐኪሞችም የአልኮል ሱሰኛ አሉት፤ ስኪዞፍሬንያ አለበትም ተባለ። ትክክለኛው ስም የተሰጠው በ1952፣ በ40 ዓመቱ ነው። በዚያን ጊዜ ከሁለት ጋብቻዎች የተወለዱ ስድስት ልጆች በሕይወት ነበሩት፤ በ1954 ደግሞ ከሦስተኛ ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። እያንዳንዳቸው ዘረመሉን የመውረስ ዕድላቸው 50 በመቶ ነበር። ስለዚህ ለአባትየው የተሰጠው የሕመም ስም ለልጆቹም ያልጠየቁት ዜና ሆነባቸው።

በሥነ ምግባር ጽሑፎች ጥያቄው ዘወትር የሚቀርበው የማወቅ መብትና ያለማወቅ መብት ተብሎ ነው። ይህ አከፋፈል ጠባብ ነው፤ እናትና ልጅ የኖሩት በሁለቱ መካከል፣ በተሳሳተ ዕውቀት ውስጥ ነበርና። ባልታወቀ በሽታ ምትክ ዕብደትና ስካር ተቀምጦ ነበር። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም ሰው ይመርመር ማለት አይቻልም። የጉትሪ ታሪክ የሚደግፈው ምልክት የታየበትን ሰው በትክክል መመርመርን ነው። ጤነኛ ሰው ወደፊት የሚመጣበትን ለማወቅ የሚያደርገው ምርመራ ሌላ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱ በተደጋጋሚ ሲቀላቀሉ ይታያል።

ልዩነቱ በበሽታዎቹም መካከል አለ። የሀንቲንግተን ዘረመል በ1993 ተለየ። የተወሰኑ ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ተደጋግመው ከተገኙ፣ ሰውየው በቂ ዕድሜ እስከኖረ ድረስ በሽታው አይቀርለትም። መልሱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖም፣ ሕመሙ በቤተሰባቸው ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ላለመመርመር መርጠዋል፤ በሽታውን የሚያስቆም መድኃኒት የለምና። በዚያው በ1993 ኤፒኦኢ አራት የተባለው የዘረመል ዓይነት በእርጅና ከሚመጣው አልዛይመር ጋር መያያዙ ታወቀ። ይህኛው ግን አደጋውን ይጨምራል እንጂ አይወስንም፤ ተሸክመውት የማይታመሙ አሉ፣ ሳይሸከሙትም የሚታመሙ አሉ። ሀንቲንግተንን የሚመስሉት ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የሚያጠቁት፣ ቀደም ብለው የሚጀምሩት የአልዛይመር ዓይነቶች ናቸው። ለእነዚህ የተዘጋጀውን ጥንቃቄ ለኤፒኦኢ ውጤት እንዳለ ማዋል፣ አንድን ዕድል እንደ ተቆረጠ ፍርድ እንዲነበብ ያደርጋል።

ጉትሪ ከ1956 ጀምሮ የቀረውን ዕድሜ በሆስፒታሎች አሳለፈ፤ መጀመሪያ በኒው ጀርሲ ግሬይስቶን ፓርክ፣ ኋላም በኒው ዮርክ ብሩክሊንና ክሪድሞር። ወጣቱ ቦብ ዲላን በ1961 ሊጠይቀው መጣ። በኋለኞቹ ዓመታት መናገርም ተሳነው፤ በኦክቶበር 3 ቀን 1967 በ55 ዓመቱ አረፈ።

ሁለተኛ ሚስቱ ማርጆሪ፣ ተፋትተውም ሳለ፣ እስከ መጨረሻው አልተለየችውም። በሞተበት ዓመት በሽታውን የሚዋጋ ኮሚቴ መሥርታ፣ ሕመማቸውን ደብቀው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችን ታሰባስብ ጀመር። ከመጀመሪያ ጋብቻው የተወለዱት ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ሁለቱም በ41 ዓመታቸው በዚሁ በሽታ ሞቱ፤ ያኔ የሚመርጡት ምርመራ አልነበረም። ማርጆሪ በማርች 1983 አረፈች። የዘረመሉን መገኛ በአራተኛው ክሮሞዞም ላይ የጠቆመው ጥናት የታተመው በዚያው ዓመት በኖቬምበር ነበር።