የሻሸመኔው «ጃማይካ ሰፈር» ከየት መጣ? ዶ/ር መላኩ በያንን እናስተዋውቃችሁ

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የተጓዘ ሰው ጃማይካ ሰፈርን ሳያይ አያልፍም። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ አጥር፣ ፀጉራቸውን ድሬድ ያደረጉ ሰዎች… እነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ እንዴት እዚህ ደረሱ ብንባል አብዛኞቻችን መልሳችን አንድ ነው፦ ጃንሆይ መሬት ሰጥተዋቸው። ልክ ነው። ግን መሬቱ ከመሰጠቱ ከአስር ዓመት በፊት መንገዱን የጠረገ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበር። የዓድዋ በዓል በመጣ ቁጥር ስሙ ሊነሳ ሲገባው እምብዛም አይነሳም።

መላኩ በያን የተወለደው በ1900 እ.ኤ.አ. ነው። ከዓድዋ ድል አራት ዓመት በኋላ ማለት ነው። የንጉሣዊው ቤተሰብ ዘመድ ስለነበር ያደገው በተፈሪ መኮንን ቤት ነው። መጀመሪያ ለትምህርት ወደ ሕንድ ተላከ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ አቀና። በኦሃዮ ተምሮ በመጨረሻ ሕክምና ያጠናው ዋሽንግተን በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ በሃዋርድ ነው።

እዚያ ነው ነገሩ የተለወጠው። በወቅቱ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው በብዙ ቦታ ከነጭ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ አንድ ሆቴል አያድርም። መላኩ የቤተ መንግሥት ሰው ነኝ ብሎ ራሱን መለየት ይችል ነበር። አላደረገውም። የአሜሪካ ጥቁሮችና ኢትዮጵያውያን አንድ ሕዝብ ናቸው ብሎ አመነ፤ እምነቱንም በኑሮው አሳየ። አገር ቤት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ታጭታለት ነበር። እሱ ግን ያንን ትቶ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። ለዚያ ዘመን መኳንንት ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1935 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቺካጎ ላይ ከጥቁሩ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ጋር ተገናኘ። ሮቢንሰን በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መጥቶ አየር ኃይላችንን መራ። መላኩም በዚያው ዓመት ተመርቆ ከባለቤቱና ከልጁ ጋር አገሩ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረችን፤ ወጣቱ ሐኪም ቁስለኛ ማከም ጀመረ።

አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅ ንጉሡን ተከትሎ ተሰደደ። በ1936 እ.ኤ.አ. የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ያኔ ለኢትዮጵያ ገንዘብ የሚሰበስቡ ብዙ ማኅበራት ነበሩ፣ ግን ተበታትነው ነበር። መላኩ በነሐሴ 1937 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረተ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ጋዜጣም አሳተመ። ከሥራው ትልቁ ክፍል ሰው መሰብሰብ ነበር። ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ሰባኪው ሳንቲሙን ያዋጣል፣ ስለ ኢትዮጵያ ይሰማል፣ ስለ ራሱም ታሪክ ይማራል።

ነፃነትን ግን አላየም። በግንቦት 1940 እ.ኤ.አ. በሳንባ ምች አረፈ፤ ገና 40 ዓመቱ ነበር። ንጉሡ አዲስ አበባ የገቡት ልክ በዓመቱ ነው።

ሥራው ግን አልሞተም። ከጦርነቱ በኋላ ጃንሆይ ለዋሉት ውለታ ምስጋና እንዲሆን ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ገደማ መሬት ለምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች ሲሰጡ፣ ያለፈው በዚሁ ፌዴሬሽን በኩል ነበር። ጃማይካ ሰፈር የዚያ ፍሬ ነው።

ታዲያ ይሄ እኛን ጋሞዎችን ምን አገባን? ብዙ። በእኛ ባህል ከባድ ጉዳይ የሚመከረው ዱቡሻ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። መላኩም ሃርለም ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፦ የተበተነውን ሰው አንድ ቦታ ማስቀመጥ።

የካቲት 23 ሲመጣ ሲቀላም ሆነ ሴቻ የባህል ልብስ ለብሰን እንወጣለን፣ እንጨፍራለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ግን በየትምህርት ቤቱና በየወጣት ማዕከሉ ከፕሮግራሙ ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ ለአንድ ሰው ታሪክ እንስጥ። ዓድዋ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ነው ስንል፣ ያንን አባባል በሕይወቱ የኖረውን ሰው ስም ማወቅ አለብን።

ከመላኩ በያን እንጀምር። ቀጣዩ ማን ይሁን? ጻፉልን።