ኦስቫልድ ቦልከ፦ ፊቱ በፖስት ካርድ የተሸጠው አብራሪ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ወደ ኢንዶቻይናና ወደ ማዳጋስካር የሚያቀኑ የፈረንሳይ መርከቦች ከሰል ለመሙላት ጅቡቲ ሲቆሙ፣ ተሳፋሪዎች ከሚገዟቸው ነገሮች አንዱ ፖስት ካርድ ነበር። የምኒልክ አደባባይ፣ የባቡር ጣቢያው፣ የአካባቢው ሰዎች ፊት በእነዚህ ካርዶች ላይ ታትሟል። ከፎቶግራፉ ግርጌ ግን የባለ ፊቱ ስም እምብዛም አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰፍረው የብሔሩ መጠሪያ ብቻ ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም በርሊን ውስጥ ቪሊ ዛንከ የተባለ አሳታሚ ያወጣቸው የነበሩት ካርዶች የዚህ ተቃራኒ ናቸው። የጀርመን ጦር አብራሪዎችን ከነስማቸው፣ ከነማዕረጋቸውና ከነተራ ቁጥራቸው ያሳያሉ። የዚያን ዘመን የአቪየሽን ቅርስ ሰብሳቢዎች ዛሬም በብርቱ ይፈልጓቸዋል። በካርዶቹ ላይ ደጋግመው ከሚታዩት ፊቶች አንዱ የኦስቫልድ ቦልከ ነው።

ቦልከ በሃለ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ጊቢሸንሽታይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ግንቦት 19 ቀን 1891 ከመምህር አባት ተወለደ፤ ያደገው ግን በደሳው ነው። በልጅነቱ የጀመረው አስም ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም። በ1911 ቴሌግራፍ ክፍል ገብቶ፣ በ1914 በረራ ተማረ። ጦርነቱ እንደተጀመረ ከወንድሙ ከቪልሄልም ጋር በአንድ አውሮፕላን ለቅኝት ይወጣ ነበር።

ዝናው የተወለደው በ1915 በፎከር አውሮፕላን ነው። መትረየሱ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መካከል እንዲተኩስ ሆኖ የተሠራው ይህ አውሮፕላን የአየር ውጊያን ለወጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቦልከ ቦይ ውስጥ የወደቀ ፈረንሳዊ ልጅን ዘሎ ገብቶ አዳነ፤ የነፍስ አድን ሜዳሊያም ተሸለመ። በጥር 1916 ደግሞ እሱና ባልደረባው ማክስ ኢመልማን የፕሩሲያን ከፍተኛ የጦር ኒሻን በአንድ ቀን ተቀበሉ።

ኢመልማን በሰኔ ሲሞት ንጉሠ ነገሥቱ ቦልከን ከግንባር አስወጡት። ጀግና በካርድ ከተሸጠ በኋላ ሞቱ የመንግሥት ኪሳራ ይሆናልና። ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ ለጉብኝት ተላከ። ከመሄዱ በፊት ግን የአየር ውጊያ ደንቦቹን ጽፎ ነበር፤ ስምንቱ ደንቦች ለኋለኞቹ ተዋጊ አብራሪዎች መማሪያ ሆነዋል። በነሐሴ የራሱን ተዋጊ ክፍል ሲያቋቁም፣ ከመረጣቸው ወጣቶች መካከል ኋላ ቀዩ ባሮን የተባለው ማንፍሬድ ፎን ሪሽትሆፈንና ኤርዊን ቦመ ይገኙበታል።

ጥቅምት 28 ቀን 1916 ለስድስተኛ ጊዜ ተነሣ። የእንግሊዝ አውሮፕላኖችን ሲያሳድዱ የቦመ አውሮፕላን የእሱን ክንፍ ነካው። መሬት ላይ ሲከሰከስ የራስ ቁር አላደረገም፤ ቀበቶውም አልታሰረም ነበር። 40 አውሮፕላኖችን የጣለው አብራሪ 25 ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ከአየር የአበባ ጉንጉን ጣሉለት።

ከዚያ አራት ቀን በፊት፣ ቦልከ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በተዋጋበት በቨርደን ግንባር፣ የፈረንሳይ ጦር የዱኦሞን ምሽግን ከጀርመኖች መልሶ ያዘ። በውጊያው ውስጥ ከጅቡቲና ከአካባቢዋ የተመለመለው የሶማሌ ሻለቃ ሁለት ሻምበሎች ነበሩ። ከማዳጋስካር ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተጉዘው ግንባር ከደረሱ ገና ጥቂት ወራት ነበር። የቅኝ ግዛት ወታደሮችም በዘመኑ ካርዶች ላይ ይታያሉ፤ ልክ እንደ ጅቡቲው ወደብ ካርዶች ግን ብዙዎቹ ስም የላቸውም። ስለዚህ ቦልከን የሚፈልግ ሰብሳቢ በተራ ቁጥር ያገኘዋል፤ የዱኦሞንን ወታደር የሚፈልግ ዘመድ ግን ከነሙሉ ትጥቁ የቆመ፣ ማንነቱ ያልተጻፈ ሰው ፊት ለፊት ይደርሳል።

ቦልከ የተቀበረው በደሳው ነው። በኖርፈኒሽ የሰፈረው የጀርመን አየር ኃይል ክፍል ዛሬም በስሙ ይጠራል። ካርዶቹ ደግሞ በጨረታ ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ እንደገና ስለታተሙ ጠንቃቃ ገዢ ወረቀቱን ያገላብጣል፤ ከፊት ያለው ፊርማ በቀለም የተጻፈ ይሁን የታተመ በማጉያ መነጽር ይመረምራል፤ ከጀርባው የወታደር ፖስታ ማኅተም ካለም ቀኑን ያነባል።