ዐፄ ቴዎድሮስ፡- ከሽንፈት የተማሩ፣ በስህተትም የተፈተኑ ንጉሠ ነገሥት

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ይበልጥ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር በመሆኗ ነው። ከተራሮቹ ባሻገር፣ በጃናሞራ፣ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የቋራው ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በዚሁ ሥፍራ ነው።

ወደ ደረስጌ ያደረሳቸው መንገድ የጀመረው ግን በድል አልነበረም። በመጋቢት ወር 1840 ዓ.ም ካሣ በምዕራቡ ቆላ፣ በሱዳን ጠረፍ፣ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። (በስም መመሳሰል ምክንያት ይህን ውጊያ ከደባርቅ ከተማ ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ ቦታዎች ግን በእጅጉ የተራራቁ ናቸው።) የካሣ ወታደሮች እንደ ልማዳቸው በጀግንነት ፊት ለፊት ወረዱ። ይጠብቃቸው የነበረው ግን ምሽግ ይዞ በሥርዓት የሚተኩስ፣ መድፍ የታጠቀ ጦር ነበር። ብዙ ሰው አለቀ፤ ካሣም ተሸንፈው ተመለሱ።

በዘመኑ የተሸነፈ መስፍን ሽንፈቱን በዕድል ወይም በከዳው ባላባት ማሳበቡ የተለመደ ነበር። ካሣ ከደባርቂ ይዘውት የተመለሱት ትምህርት ሌላ ነው። ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማይመክት፣ የጦር ሥርዓትና ዘመናዊ መሣሪያ የሌለው ሠራዊት በቁጥር ቢበዛም ዋጋ እንደሌለው ተገነዘቡ። ይህ ግንዛቤ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለያቸውም።

ከዚያ በኋላ የተገኙት ድሎች ፈጣን ነበሩ። በኅዳር 1845 ዓ.ም በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ። የቀሩት የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ከዘመኑ መሳፍንት ሁሉ ብዙ ጠመንጃ ያከማቹ፣ ደረስጌ ማርያምንም በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር ረዳትነት ያሠሩ ሰው ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም በደረስጌ በተደረገው ውጊያ ውቤ ተማረኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ የካቲት 5 ቀን ካሣ ዘውድ ጫኑ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሠራዊቱ ላይ ያደረጉት ለውጥ የደባርቂ ውጤት መሆኑ በግልጽ ይታያል። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውን ጦር ቀላቅለው አዋቀሩ፤ የወታደራዊ አለቅነት ደረጃዎችን አስተካከሉ፤ ወታደሩ ገበሬውን ዘርፎ ከመኖር ይልቅ ደመወዝ እንዲከፈለው ሞከሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ደግሞ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ።

የጋፋት ታሪክ ከሁሉም በላይ ትኩረት ይስባል። ሰዎቹ አናጢነትና ግንበኝነትን የሚያውቁ ሚስዮናውያን እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል። ንጉሡ ግን እንደገና እንዲሞክሩ አዘዙ፤ ባለሙያዎቹም ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ አሠራሩን እየቀያየሩ ቀጠሉ። በመጨረሻም 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታወቀው ነገር ይህን ለመረዳት ያግዛል። ኮምፒውተር እንዲማር ሲደረግ የሰጠው መልስ ከትክክለኛው ጋር ይነጻጸራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይሰላል፤ በስሌቱ መሠረትም የማሽኑ ውስጣዊ መለኪያዎች ደረጃ በደረጃ ይስተካከላሉ። ስህተቱ ተለክቶ ካልተመለሰለት ግን ሥራው ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ማሽኑ አንዳች አይማርም። በጋፋት ስህተቱ ወደ ንጉሡ ይመለስ ነበር። ቅርጹ መሰንጠቁን፣ እቶኑ አለመበቃቱን የሚሰውር ሰው አልነበረም፤ ብረት አይዋሽምና።

በመንግሥት አስተዳደር ጉዳይ ግን ይህ አልሆነም። በ1852 ዓ.ም እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን በሽፍቶች እጅ ተገደሉ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የንጉሡ የቅርብ ወዳጅና አማካሪ ጆን ቤል፣ ከዐመፀኛው ገረድ ጋር በተደረገ ውጊያ ወደቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በቁጣ የገረድን ተከታዮች ደባርቅ ላይ አስፈጁ። ይህ ጭፍጨፋ በንግሥናቸው ታሪክ ጥቁር ነጥብ ነው ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። ለንጉሡ ሐሳብ የሚያካፍሉት ሁለቱ ሰዎች ካለፉ በኋላ ክፉ ዜና ይዞ ወደ ድንኳናቸው የሚገባ ሰው እያነሰ ሄደ። ዐመፅ ሲነሳ ቅጣቱ ይበረታ፣ ቅጣቱ ሲበረታም ዐመፁ ይሰፋ ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት በክህደትና በሽሽት ተመናምኖ መቅደላ ሲደረስ የቀረው ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር።

ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ ገደል እየተናደ መንገድ ተሠራ፤ ጉዞው ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በዕለተ ስቅለት፣ የእንግሊዝ ጦር እሮጌ ሜዳ ላይ ሲታይ፣ ከአምባው ከተተኮሱት ትላልቅ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው ጦርም ቁልቁል ወደ ሜዳው ወረደ። ከፊቱ የቆመው በፍጥነት የሚጎርስ ጠመንጃና ሮኬት የያዘ፣ በሥርዓት የሚተኩስ ጦር ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን እዚያው ወደቁ፤ ከደባርቂ 20 ዓመት በኋላ፣ በዚያው አኳኋን።

ከ3 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት በራሳቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። ሴባስቶፖል አሁንም መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።