ላይብኒትዝና የብዜት ሕግ

ካልኩለስ የሚማር ተማሪ የሁለት ነገሮችን ብዜት ዴሪቫቲቭ አውጣ ሲባል አስቀድሞ የሚታየው አሳብ የእያንዳንዳቸውን ዴሪቫቲቭ ለይቶ አውጥቶ ሁለቱን ማባዛት ነው። መልሱም ይሳሳትበታል። በዚህ ግን የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ ሕጉን ያገኘው ታላቁ ሊቅ ራሱ አስቀድሞ በዚሁ መንገድ ሄዷልና። የዚህን ሰው ሕይወት በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለአንባብያን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒትዝ በ1646 ዓ.ም. በጀርመን አገር በላይፕሲግ ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ የግብረ ገብ ትምህርት መምህር ነበር፤ ነገር ግን ልጁ የ6 ዓመት ሕፃን ሳለ ሞተ። ከአባቱ ያገኘው ትልቁ ሀብት መጻሕፍት ነበሩ። ልጁም በእነዚያ መጻሕፍት መካከል አደገና የላቲንን ቋንቋ አብዛኛውን በራሱ ጥረት ተማረ። በ14 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሕግ አጥንቶ የዶክተርነት ማዕርግ ቢጠይቅ የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ከለከለው፤ እርሱም ወደ አልትዶርፍ ሄዶ በ20 ዓመቱ ተቀበለ። የመምህርነት ወንበርም ቢሰጡት አልፈለገውም፤ ወደ መሳፍንት አገልግሎት ገባ።

በ1672 ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ፓሪስ ተላከ። እዚያም የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ የሒሳብን ጥልቅ ትምህርት አስጀመረው። ዕድሜው 26 ዓመት ነበር፤ ለሒሳብ ሊቅ የዘገየ ጅማሬ ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ሆኖም በዓመቱ ቍጥር የሚያባዛ መኪና ሠርቶ ለንደን ላይ አሳየ፤ በሦስት ዓመትም ውስጥ የካልኩለስን ምልክቶች ማበጀት ጀመረ። ዛሬ የምንጽፈው ረጅሙ የኢንቴግራል ምልክት በጥቅምት 1675 በእርሱ ወረቀት ላይ ተጻፈ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 11 ቀን የጻፈው ወረቀት ለእኛ ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስት ነው። የብዜት ዴሪቫቲቭ የዴሪቫቲቮቹ ብዜት ይሆን ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ምሳሌም ወስዶ ሞከረና ልክ ነው ብሎ አለፈ። ወረቀቱ ሳያልቅ ግን ነገሩ እንደማይሆን አየ፤ ከላይ የተረጋገጠ መስሎት የነበረውንም አፈረሰ። ትክክለኛውን ሕግ በ1677 በጻፈው ወረቀት ላይ በግልጽ እናገኘዋለን።

ነገሩ እንዲገባን አንድ እርሻ እናስብ። ርዝመቱ 10 ክንድ፣ ወርዱ 6 ክንድ ቢሆን ስፋቱ 60 ነው። ርዝመቱ በ0.1፣ ወርዱ በ0.2 ቢጨምር አዲሱ ስፋት 10.1 × 6.2፣ ማለት 62.62 ይሆናል። የተጨመረው 2.62 ከየት መጣ? በርዝመቱ በኩል 10 × 0.2 = 2 የሆነ ጠባብ ቁራጭ አለ፤ በወርዱ በኩል 6 × 0.1 = 0.6 የሆነ ሌላ ቁራጭ አለ፤ በማዕዘኑም 0.1 × 0.2 = 0.02 የሆነች ትንሽ ካሬ መሰል ቦታ ትቀራለች። ጭማሪዎቹን ዐሥር ጊዜ ብናሳንሳቸው ሁለቱ ቁራጮች ዐሥር ጊዜ ብቻ ሲያንሱ የማዕዘኗ ቦታ መቶ ጊዜ ታንሳለች። ስለዚህ በመጨረሻ እርሷ ትጣላለች፤ ሁለቱ ቁራጮች ይቀራሉ። ሕጉም ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው በሁለተኛው ዴሪቫቲቭ ተባዝቶ፣ ሁለተኛውም በመጀመሪያው ዴሪቫቲቭ ተባዝቶ ይደመራል። ዴሪቫቲቮቹን ብቻ የሚያባዛ ሰው ግን እርሻውን ጥሎ ማዕዘኗን ይዞ የሚሄድ ነው!

በአሠራርም እንየው። ነ² × ነ³ ማለት ነ⁵ ነው፤ ዴሪቫቲቩም 5ነ⁴ መሆኑ የታወቀ ነው። ዴሪቫቲቮቹን ብናባዛ 2ነ × 3ነ² = 6ነ³ ይመጣል፤ ይህም ስሕተት ነው። በሕጉ ብንሄድ ግን ነ² × 3ነ² + ነ³ × 2ነ፣ ማለት 3ነ⁴ + 2ነ⁴ = 5ነ⁴ ይሆናል። መልሳችንን የምንጠራጠር እንደሆነ እንዲህ አባዝተን ማመሳከር እንችላለን።

ላይብኒትዝ ሕጉን በ1684 በጥቂት ገጾች አሳተመ፤ ማስረጃውን ግን አልጨመረበትም፤ ብዙዎችም ጽሑፉን ለማስተዋል ተቸገሩ።

ይህ ሰው ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በ1687 ወደ ፍራንክፈርት በሄደ ጊዜ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም ወዲህ ስለ ቋንቋዎች ጠባይና ዝምድና ብዙ ዘመን ተጻጻፉ። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመ ነው። ለሉዶልፍ አማርኛን ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ሲሆኑ፣ የትውልድ አገራቸው በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ የነበረው መካነ ሥላሴ ነው። (ከእኛው መካነ ሰላም ጋር እንዳይምታታ።) አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በጀርመን አገር በጎታ ቤተ መንግሥት ከሉዶልፍ ጋር ሠርተው፣ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሞክሩ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የመዝገበ ቃላቱን መታተም አላዩም።

የላይብኒትዝ ፍጻሜም የሚያሳዝን ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን በዚሁ ጥበብ ላይ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን አላሳተመውም ነበር። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር በተነሣ ጊዜ የለንደኑ የሊቃውንት ማኅበር በ1712 በላይብኒትዝ ላይ ፈረደ፤ የማኅበሩም ፕሬዚዳንት ኒውተን ራሱ ነበረ። ዛሬ ሊቃውንት ሁለቱም በየራሳቸው እንዳገኙት ይስማማሉ፤ እኛ የምንጠቀምበት አጻጻፍ ግን በብዛት የላይብኒትዝ ነው። ጌታው በ1714 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ሲሄድ የቤተ መሳፍንቱን ታሪክ ጽፎ እንዲጨርስ ብሎ በሃኖቨር ተወው። ላይብኒትዝ ኖቬምበር 14 ቀን 1716 በ70 ዓመቱ ሞተ። ለቀብሩ ከቤተ መንግሥት ሰው አልመጣም፤ መቃብሩም ከ50 ዓመት በላይ ምልክት ሳይደረግበት ኖረ። የተዋቸው ወረቀቶች በሃኖቨር ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል፤ ሁሉንም ለማሳተም በ1923 የተጀመረው ሥራ እስከ ዛሬ አላለቀም።